አበባ የሚቀልባት የወባ ትንኝ

ወንዱ የወባ ትንኝ ዕድሜ ልኩን ደም ቀምሶ አያውቅም። የሚኖረው በአበባ ወለላና ከቅጠልና ከግንድ በሚንጠባጠብ ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። ሴቷም ብትሆን ደም የምትሻው እንቁላል ለማፍራት ነው እንጂ ለመብረር፣ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ለመሻገርና ሰንብታ ለመኖር የሚበቃትን ጉልበት በአብዛኛው የምታገኘው ከተክል ነው። ውሃ ውስጥ አድጋ፣ ክንፍ አውጥታ ስትነሳ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምታስሰው ሰው ሳይሆን አበባ ነው። የጠጣችው ደም በቀጥታ ወደ ሆዷ ሲወርድ፣ ስኳሩ ግን ለብቻው በተዘጋጀ ከረጢት ይቀመጥላታል። በራባት ጊዜ ከዚያ ጥቂት ጥቂት እያወጣች ትኖራለች።

ስለ ወባ ሲወራ ይህ ብዙም አይነሳም። ወባ ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ውሃ ነው፤ ረግረጉ፣ ኩሬው፣ ከዝናብ በኋላ የቆመው ጉድጓድ። በየዓመቱ ዘመቻ የሚነገረንም ያቆረውን ውሃ እንድናፋስስ ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። ትንኟ የምትወለድበትን እንጂ የምትበላውን አይነካም።

ይህን ጉድለት ለማየት ከአዋሽ ሸለቆ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ባቡር ያቆማት ከተማ ናት። አስፋልቱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር ሲያቀና፣ ሌላው በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ አፋር ክልል ርእሰ ከተማ ወደ ሰመራ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ወንዙም አብሮ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል፤ ባሕር ግን አይደርስም፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። አገሩ ሞቃት ነው፤ ዝናቡ ጥቂት ነው። የአገሩ ግራር ዝናብ ጠብቆ ያብባል፣ ከዚያ ይደርቃል። እንዲህ ባለ ቦታ በበጋ ለትንኝ የሚተርፍ አበባ ብዙ መሆን አልነበረበትም።

አሁን ግን አለ። ከአዋሽ ወደ ገዋኔ የተጓዘ ሁሉ አይቶታል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ አንዳንዴ ዓይን እስኪታክት ድረስ፣ እሾሃምና አረንጓዴ ጥሻ ይታያል። ሳይንሱ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ይለዋል። አፋሮች «ደርጊ ሐራ»፣ ብዙው አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ «ወያኔ» ይለዋል። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ከሜክሲኮ እስከ ደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጠረፍ። ወደ አዋሽ ሸለቆ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዓላማው ንፋስንና አቧራን እንዲያግድ፣ ጥላና ማገዶ እንዲሰጥ ነበር። በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ ጥጥ እርሻዎች አካባቢ ተተከለ፣ ጸደቀም። ያመጡትን ሰዎች መራገም ዛሬ ቀላል ነው። በዚያ ዘመን ግን በሳህልም፣ በህንድም፣ በሱዳንም በረሃን ለማቆም ይህንኑ ዛፍ ይተክሉ ነበር፤ እኛም ከዓለም ጋር ተሳስተናል።

ዛፉ የተስፋፋበት መንገድ ብልህ ነው። ፍሬው ጣፋጭ ነው፤ ከብቱም ፍየሉም በደስታ ይበላዋል። ዘሩን የሚሸፍነው ጠንካራ ቅርፊት ግን በሆድ ውስጥ አይፈጭም። ፍየሏ ኪሎ ሜትሮች ሄዳ ፍግዋን ስትጥል ዘሩ ከነማዳበሪያው ይተከላል። ጎርፍ ሲመጣ የቀረውን ይዞ ይወርዳል። ሥሩ ከመሬት በታች ያለውን ውሃ ፍለጋ ይጠልቃል፤ በአሜሪካ አሪዞና አንድ ማዕድን ማውጫ ውስጥ የዚሁ ወገን ዛፍ ሥር ከ50 ሜትር በላይ ጠልቆ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በሳይንቲፊክ ሪፖርትስ የታተመ ጥናት ዛፉ በአፋር ክልል 1.17 ሚሊዮን ሄክታር ላይ እንደሚገኝ ሲያሳይ፣ ይህ ከክልሉ ስፋት 12 ከመቶ ገደማ ነው። ቀጥሎ በ2021 የወጣው ጥናት ደግሞ በግንዱ ውስጥ የሚያልፈውን ውሃ ለካ። አንዱ ዛፍ በአማካይ በቀን 7 ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ በክልሉ ያለው ሁሉ ሲደመር በዓመት ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይበልጣል።

ለከብት አርቢው ጉዳቱ ታውቋል። ሣሩን አጥፍቷል፣ ወደ ወንዝ የሚያስወርደውን መንገድ ዘግቷል፣ እሾሁ እግር አቁስሏል፣ ፍሬውን አብዝቶ የበላ ፍየል ጥርሱ ይረግፋል። ብናኙ በሚበዛበት አገር አለርጂ እንደሚያስነሳም ከታወቀ ቆይቷል። ስለዚህ ሁሉ ብዙ ተጽፏል፤ አልደግመውም። እኔን የያዘኝ አበባው ነው። አበባው ጣት የሚያህል ርዝመት አለው፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ነጭ ቢጫ ቀለም ባላቸው በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች የተሠራ ዘለላ ነው፣ እያንዳንዱም ወለላ አለው። ሥሩ የከርሰ ምድር ውሃ ስለሚያገኝ ዝናብ አይጠብቅም። ሌላው ሁሉ በደረቀበት ወቅት እሱ ያብባል። ንብ አናቢ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ትንኝም እንደዚያው።

ይህ ግምት ብቻ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2017 ማላሪያ ጆርናል ላይ የታተመ አንድ የማሊ ሙከራ ጉዳዩን ፊት ለፊት ፈትኖታል። ተመራማሪዎቹ በባንዲያጋራ አካባቢ ዘጠኝ መንደሮችን መረጡ። በስድስቱ ፕሮሶፒስ ያብባል፣ በሦስቱ የለም። ዛፉ ካለባቸው ስድስት መንደሮች በሦስቱ አበባ የያዙትን ቅርንጫፎች ቆርጠው አነሡ፤ ሦስቱን እንዳሉ ተዉአቸው። ዛፉን ከሥሩ አልነቀሉም፣ መድኃኒት አልረጩም፣ አጎበር አላደሉም። አበባውን ብቻ አስወገዱ። ከዚያም ከመቁረጡ በፊትና በኋላ በብርሃን ወጥመድ የተያዘውን ትንኝ ቆጠሩ።

አበባው በተቆረጠባቸው መንደሮች የትንኙ ቁጥር በ69 ከመቶ ገደማ ወረደ። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ከወጥመዱ የተገኙት ትንኞች ዓይነት ነው። ስኳር የበሉት ሴቶች ድርሻ ከ73 ወደ 15 ከመቶ፣ የወንዶቹ ደግሞ ከ77 ወደ 10 ከመቶ ወረደ። አሮጊቶቹ ሴቶች ዛፉ ጭራሽ በሌለባቸው መንደሮች ካሉት ጋር እስኪስተካከሉ ድረስ ተመናመኑ። ትንኝ ስኳር መብላቷ የሚታወቀው በቀላል ዘዴ ነው። ተጨፍልቃ አንትሮን ከሚባል ኬሚካል ጋር ስትዋሐድ፣ ፍሩክቶስ ካለባት ፈሳሹ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ዕድሜዋ ደግሞ በእንቁላል መያዣዋ ይነበባል፤ በጣለች ቁጥር ምልክት ይቀርባታል፣ በአጉሊ መነጽር የሚያይ ሰውም ስንት ጊዜ እንደጣለች ይቆጥራል።

ስለ «አሮጊት» ትንኝ ይህን ያህል ማውራት ለምን አስፈለገ? ወባን የምታስተላልፈው እሷ ብቻ ስለሆነች ነው። ትንኝ ከታማሚ ሰው ደም ጋር ተውሳኩን ስትጠጣ ወዲያው አታስተላልፍም። ተውሳኩ በሆዷ ግድግዳ ላይ ያድጋል፣ ይባዛል፣ ከዚያ ወደ ምራቋ ይደርሳል። እንደ ሙቀቱ መጠን ይህ ከ10 እስከ 14 ቀን ገደማ ይፈጃል። አብዛኛዋ ትንኝ ይህን ያህል ሳትቆይ ትሞታለች። ታማሚውን ነክሳ በሦስተኛው ቀን የሞተች ትንኝ ማንንም አላስታመመችም።

እዚህ ላይ እርሳስና ወረቀት ይዞ ማስላት ይጠቅማል። ተውሳኩ ለመብሰል 12 ቀን ይፈጅበታል እንበል። አንድ ሺህ ትንኞች ታማሚ ነከሱ። እያንዳንዷ ትንኝ እስከ ማግሥቱ የመትረፍ ዕድሏ 80 ከመቶ ቢሆን፣ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ በሕይወት የሚገኙት 69 ገደማ ብቻ ናቸው። ዕድሏ ወደ 90 ከመቶ ቢያድግ ግን 282 ይቀራሉ። በቀን አሥር ነጥብ ተጨማሪ የመትረፍ ዕድል ሰጥተን አደገኛዋን ትንኝ አራት እጥፍ አበዛናት። አበባ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ትንኝ አይፈለፍልም፣ ወባም የለውም፤ ለትንኟ ጥቂት ቀናት ይጨምርላታል። ወባ ደግሞ የሚኖረው በእነዚያ ጥቂት ቀናት ነው።

የማሊውን ውጤት እንዳለ ወደ አዋሽ መገልበጥ ግን አይቻልም። የማሊ ትንኝ ሌላ ዝርያ ናት፤ መንደሩም ገጠር ነው። ዘጠኝ መንደር ብዙ አይደለም፣ የተለካውም ትንኝ ነው እንጂ የታመመ ሰው ቁጥር አይደለም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ደግሞ ከተማ ናት፣ ሰመራም እንደዚያው። የከተማ ወባ ደግሞ በኢትዮጵያ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መልኩን ለውጧል።

የለወጠችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል እንግዳ ትንኝ ናት። አገሯ ደቡብ እስያና የዓረብ ምድር ነው። በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የታወቀችው በጅቡቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በዚያ ዓመት ጅቡቲ የመዘገበችው የወባ ታማሚ 27 ነበር፤ በ2020 ከ73 ሺህ አልፏል። ለዚህ ሁሉ እሷን ብቻ መክሰስ ባይቻልም ዋነኛዋ ተጠርጣሪ ናት። በኢትዮጵያ በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። በ2018 በምሥራቁ አገር በተካሄደው አሰሳ ደግሞ አዋሽ ሰባት ኪሎም፣ ሰመራም፣ ድሬዳዋም ላይ ነበረች። ወደብንና ከተማን በሚያገናኘው የጭነት መኪና መንገድ ላይ መገኘቷ ብዙ የሚነግረን ነገር አለው።

የቀደመችው የኢትዮጵያ ዋና የወባ ትንኝ፣ አኖፊለስ አረቢየንሲስ፣ የዝናብ ኩሬ ትወዳለች፤ ስለዚህ ወባው ክረምት ሲወጣ ይነሳል፣ ሲደርቅ ይቀንሳል። እንግዳዋ ግን ሰው ያጠራቀመው ውሃ ይበቃታል። በርሜል፣ ሮቶ፣ ለሲሚንቶ ማቡኪያ የተሞላ የግንባታ ገንዳ፣ ያረጀ ጎማ። ውሃ በሦስትና በአራት ቀን አንዴ በሚመጣበት ከተማ ውሃ የማያጠራቅም ቤት የለም፤ ውሃው ባጠረ ቁጥርም የሚጠራቀመው ይበዛል። የፍየልና የውሻ ደምም አትጠላም፣ ሰው ቤት ውስጥ አርፋ ግድግዳ ላይ ርጭት እስኪያገኛት አትጠብቅም፣ የተለመዱትን ፀረ ተባይ መድኃኒቶችም በብዛት ተላምዳለች።

የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች፣ በፍጹም ግርማ ታደሰ መሪነት፣ አዋሽ ሰባት ኪሎን ለአንድ ወሳኝ ጥያቄ መልስ መፈለጊያ አድርገዋታል። ጥያቄው ይህች ትንኝ የእኛን አገር ተውሳክ መሸከም ትችላለች ወይ የሚል ነው። ከከተማዋ የውሃ ማጠራቀሚያዎች እጭ ለቅመው በቤተ ሙከራ አሳደጉ። ከታማሚዎች በተወሰደ ደም መገቧቸው። ሁለቱ የወባ ተውሳክ ዓይነቶች፣ ቫይቫክስም ፋልሲፓረምም፣ በሆዷ ውስጥ አደጉ፤ ከአረቢየንሲስ ያነሰች አስተላላፊ አለመሆኗም ታየ። በ2021 ከታተመው ከዚህ ሥራ በኋላ «እንግዳ ናት፣ ምን ታመጣለች» ማለት ቀረ።

በድሬዳዋ ደግሞ ያመጣችው ታየ። በ2019 በከተማዋ የተመዘገበው የወባ ታማሚ 205 ነበር፤ በ2022 የመጀመሪያ አምስት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ ሆነ። ያ ጊዜ ወባ ይነሳበታል የሚባል ወቅት አልነበረም። በአካባቢው ከተያዙት የወባ ትንኞች 97 ከመቶው ስቴፈንሲ ነበረች። ጥናቱ በኔቸር ሜዲስን በ2023 ወጥቷል።

አሁን ሁለቱን እንግዶች ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንዷ በደረቅ ወቅት ከበርሜል የምትፈለፈል ትንኝ ናት፤ ሌላው በደረቅ ወቅት የሚያብብ ዛፍ ነው። ሁለቱም ከባሕር ማዶ መጡ፣ ሁለቱም ዝናብ አይጠብቁም፣ ሁለቱም በአንድ ጎዳና ላይ ሰፍረዋል። እኔ እንደማየው፣ ስቴፈንሲ በበጋ የምትኖርበትን ስኳር ከየት እንደምታገኝ ሲጠየቅ መጀመሪያ ሊመረመር የሚገባው ይህ ዛፍ ነው። ይህ ድምዳሜ አይደለም፤ ጥርጣሬ ነው። ነገር ግን መሠረት ያለው ጥርጣሬ ነው።

ተክልና ወባ የሚገናኙት በወለላ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። የኢትዮጵያ ሳይንቲስቶች በዚህ ጉዳይ ከዓለም ቀድመው የሠሩት ሥራ አለ፤ እሱም ስለ በቆሎ ብናኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የማነ የዕብዮ ከሃርቫርድ ባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት የአረቢየንሲስ እጭ የበቆሎ ብናኝ ሲያገኝ በደንብ እንደሚያድግና ትልቅ ትንኝ እንደሚወጣው አሳየ። የበቆሎ ተክል አናቱ ላይ በሚያወጣው አበባ በሚሊዮን የሚቆጠር ብናኝ ያራግፋል። አብዛኛው እዚያው አጠገብ ይወድቃል፤ አጠገቡ ኩሬ ካለ ኩሬው ላይ ይንሳፈፋል። ለእጩ ይህ የተሰናዳ ገበታ ነው።

ጎጃም ውስጥ፣ ቡሬ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የተደረገውና በ2005 የታተመው ጥናት በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቀበሌዎች የወባው ቁጥር ጥቂት በቆሎ ካለባቸው ወደ አሥር እጥፍ እንደሚቀርብ አገኘ። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ለዚህ አንድ ማብራሪያ አቅርቧል። እንደ ቢኤች 660 ያሉት ዘግይተው የሚደርሱ ምርጥ ዘሮች የሚያብቡት ትንኝ በምትበዛበት ወቅት ነው፤ የቀድሞው ፈጣን በቆሎ ግን ከዚያ በፊት አብቦ ይጨርስ ነበር። ገበሬው ምርቱ ጨመረለት፣ ወባውም አብሮ ጨመረበት። ማንም ክፉ አላሰበም፤ የእርሻና የጤና መሥሪያ ቤቶች ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አያውቁም ነበር።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዋ ቤተልሔም ወንድወሰን ከስዊድን ባልደረቦቿ ጋር ጉዳዩን ወደ ሽታ አመጣችው። እንቁላል የያዘች አረቢየንሲስ የምትጥልበትን ውሃ የምትመርጠው በምኑ ነው? እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሥራዋ የበቆሎ ብናኝ ሽታ እንደሚስባት፣ በ2018 የወጣው ደግሞ የሸንኮራ አገዳ ብናኝ ሽታም እንዲሁ እንደሚስባት አሳየ። ትንኟ ለልጆቿ ምግብ ያለበትን ውሃ አሽትታ ታውቃለች ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ሽታውን የሚሠሩትን ንጥረ ነገሮች ለይተው፣ ቀላቅለው፣ ብናኙ በሌለበት ትንኟን መሳብ ችለዋል። ከዚህ ተነስቶ እንቁላል የያዘችን ትንኝ የሚይዝ ወጥመድ መሥራት ይቻላል።

የሸንኮራው ነገር ለአዋሽ ሸለቆ ሩቅ አይደለም። ከላይ ወንጂና መተሐራ፣ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ አጠገብ ከሰም፣ ከሰመራ አጠገብ ተንዳሆ፤ ወንዙ የስኳር ወንዝ ሆኗል ማለት ይቻላል። አገዳ ሲያብብ ስኳሩ ስለሚቀንስ ፋብሪካዎቹም ማበቡን አይወዱትም። የጤና ባለሙያውና የፋብሪካው አግሮኖሚስት ለየራሳቸው ምክንያት አንድ ነገር የሚፈልጉበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ ብዙ አይገኝም፤ የማያብብ ወይም ዘግይቶ የሚያብብ ዝርያ ሁለቱንም ይጠቅማል።

እስካሁን እንደ ተክል ከሳሽ ቆሜ ነው የተናገርኩት። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ወባን የምናክምበት መድኃኒትም ከተክል የመጣ ነው። ኳርተም ውስጥ ያለው ዋና ንጥረ ነገር ምንጩ አርቴሚሲያ አኑዋ የተባለ የቻይና ተክል ነው። ተክሉ የሚያመርተው ቅጠሉ ላይ ባሉ ዓይን በማያያቸው ጥቃቅን ፀጉሮች ውስጥ ነው፤ ለሰው ብሎ ሳይሆን ራሱን ከተባይ ለመከላከል። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ንጥረ ነገሩን አጣርታ ያወጣችው ከጥንታዊ የቻይና የሕክምና መጽሐፍ ፍንጭ አግኝታ ሙቀቱን ቀንሳ በመሞከሯ ነው፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሸለመች። ኢትዮጵያ ይህን ዓይነት መድኃኒት ለፋልሲፓረም ዋና ሕክምና ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። የእኛው ጭቁኝና አሪቲ የዚሁ ወገን ዘመዶች ናቸው፤ ዝምድናቸው ግን የኳርተምን ሥራ አይሰጣቸውም። ቅጠል አፍልቶ መጠጣት በቂ መጠን ስለማይሰጥ ተውሳኩን ሳይገድል መድኃኒቱን ያስተዋውቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም የተክሉን ሻይ ለወባ እንዳንጠቀም ይመክራል። ይህ ምክር ለኢትዮጵያ ይበልጥ ይጠቅማል፤ መድኃኒቱን በከፊል መቋቋም ከሚችለው አንዱ የተውሳክ ለውጥ፣ አር 622 አይ የሚባለው፣ መጀመሪያ የተገኘው በጎንደር አካባቢ ነው። በድሬዳዋው ወረርሽኝም ተገኝቷል።

ስኳሩን ራሱን ትንኟን መግደያ የማድረግ ሐሳብም ተሞክሯል። ጣፋጭ ፈሳሽና መርዝ የያዘ ትንሽ ሰሌዳ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ትንኟ ትጠጣና ትሞታለች። በማሊ መጀመሪያ የተደረጉት ሙከራዎች ተስፋ ሰጡ። ቀጥሎ በዛምቢያና በኬንያ በብዙ መንደር የተደረገው ሰፊ ሙከራ ግን የታማሚን ቁጥር የተጠበቀውን ያህል አልቀነሰም። እኔ አልገረመኝም። አበባ በሞላበት ሜዳ አንድ ሰሌዳ ሰቅሎ ትንኝን መጥራት፣ ሠርግ ቤት ደጃፍ ላይ ሻይ ለመሸጥ እንደመሞከር ነው። መጀመሪያ ሠርጉ መቀነስ አለበት።

እዚህ ላይ የአፋር ሁኔታ ከማሊ የተለየ ዕድል አለው። በአዋሽና በገዋኔ መካከል ፕሮሶፒስን መቁረጥ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ በየቀኑ ይቆረጣል። ማኅበራትና ግለሰቦች ያከስሉታል፣ በጆንያ ሞልተው መንገድ ዳር ያቆሙታል፣ የጭነት መኪናውም ወደ አዲስ አበባ ይወስደዋል። ችግሩ አቆራረጡ ነው። ከመሬት በላይ የተቆረጠ ፕሮሶፒስ ከጉቶው በብዙ ቅርንጫፍ ተመልሶ ያቆጠቁጣል፣ ከበፊቱ ይልቅ ይጠቀጠቃል፣ እንደገና ያብባል። ለማጥፋት ከተፈለገ ጉቶው ከመሬት በታች ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል ተቆፍሮ መቆረጥ አለበት፤ ቦታው ወዲያው ሣር ወይም ሰብል መያዝ አለበት። ከሰሉ ገበያ ሲያገኝ ደግሞ ከፕሮሶፒሱ ጋር የአገሩ ግራርም አብሮ እየወደቀ ነው፤ ይህን የሚከታተል አካል በየወረዳው ያስፈልጋል። ፕሮሶፒስን ከአፋር ጨርሶ ማስወገድ በእኔ ዕድሜ የሚሆን አይመስለኝም። ከቤት አጠገብ ማስወገድ ግን ይቻላል።

ወባው ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ሲታመም 1,157 ሰው ሞቷል። ይህን ቁጥር በአጎበርና በርጭት ብቻ እናወርዳለን ማለት፣ በተለይ አጎበር ከመውረዱ በፊት በምትነክስ፣ ርጭቱንም በተላመደች ትንኝ ላይ፣ ራስን ማታለል ነው። የሮቶውን አፍ በወንፊት ጨርቅ መክደን፣ የግንባታ ገንዳን በሳምንት አንዴ አፍስሶ ማድረቅ፣ በርሜልን ጎኑን ፈግፍጎ ማጠብ ይቅደም። እነዚህን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደጋግመው ይናገራሉ። ያልተነገረው ከግቢው አጥር አጠገብ የሚያብበው ዛፍ ነው።

ስለዚህ ለሰመራ ዩኒቨርሲቲና ለወረር የግብርና ምርምር ማዕከል አንድ ጥያቄ አለኝ። የማሊውን ሙከራ በአዋሽ ለመድገም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መጋዝ አለ፣ ቆራጭ አለ፣ ገበያውም አለ። የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ከሰል የሚያከስሉት ማኅበራት መቁረጡን ከመኖሪያ ቤት ቅርብ ከሆነው፣ አበባ ከያዘው ጥሻ እንዲጀምሩ ማስማማትና፣ ከመቆረጡ በፊትና በኋላ በየቤቱ ትንኙን በወጥመድ፣ ታማሚውን በጤና ጣቢያ መዝገብ መቁጠር። ሦስት ቀበሌ ተቆርጦ ሦስት ቀበሌ ሳይቆረጥ ይጠበቅ። ቁጥሩ ከወረደ፣ ለዘመናት ስንረግመው የኖርነውን ዛፍ የሚያከስሉት ሰዎች የወባ መከላከል ሠራተኞች ናቸውና ደመወዝ ከጤና በጀት ይገባቸዋል። ካልወረደም ይታወቅ፤ ገንዘቡና ጉልበቱ ወደ ሮቶው ይዙር።